በእግር የመጣ ሰው

ጣሰውን መጀመሪያ ያወቅሁት በስህተቱ ነው። መልኩን ሳላይ፣ ድምፁን ሳልሰማ፣ አንዲት ዜሮ ጽፎ አገኘሁትና ተናደድኩበት። «ይኼንን ሰው አንድ ቀን ትወጂዋለሽ» የሚለኝ ቢኖር አልስቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ለመሳቅ እንኳ ጉልበት አልነበረኝም።

እንደ ፈረንጆቹ የ2021 ጥር ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሉዊስ ሴንተር በምትባል ከተማ፣ ከጋሼ ወልደሚካኤል ቤት ቤዝመንቱን ተከራይቼ እኖራለሁ። ጋሼ በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ ቤት ከገዙ ሃያ ዓመት ያለፋቸው፣ በረዶ ሲጠርጉ እንኳ ክራቫታቸውን የማይፈቱ ሰው ናቸው። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ሳገላብጥ፣ ሳጥብ፣ ሳበላ እውላለሁ። በዚያ ዓመት ደግሞ ብዙዎቹን ሸኝቻለሁ። ቤት ስገባ የማስኩ ክር ከጆሮዬ ጀርባ የተወው መስመር ይቆጠቁጠኛል፤ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ።

በዚህ ላይ ተጨማሪ ሥራ የያዝኩት ጊዜ ተርፎኝ አይደለም። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አማርኛ ሰምቶ የሚጽፍ ሰው ትፈልጋለች የሚል ማስታወቂያ በአበሾቹ የቴሌግራም ገጽ ላይ ወጣ። ጥናቱ በደሃ አገር የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን መከታተል ስንት ያስወጣል፣ የሚወጣበትን ያህልስ ይጠቅማል ወይ የሚል ነው። መድኃኒት መስጠት አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ መሥራቱን ማወቅ ሌላ። የምርመራ ማሽኑ ያለው ከተማ፣ በሽተኛው ያለው ገጠር። እንግዲህ ሰውየው ወደ ማሽኑ ይሂድ? ወይስ ደሙ ወረቀት ላይ ተንጠባጥቦ፣ ደርቆ፣ በሞተር ሳይክል ይላክ? ወይስ ሁለቱም ይቅርና ጤና ጣቢያው በሚዛን መዝኖ «ደህና ነህ» ይበለው? የቱ ነው የሚያዋጣው? ዶክተሯ ማወቅ የፈለገችው ይህን ነበር።

ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩትና አመለከትኩ። ለምን እንዳመለከትኩ ለማንም አልተናገርኩም።

ኮሮና ሳይመጣ አገር ቤት የተቀዱ አንድ መቶ ዐሥር ቃለ መጠይቆች ነበሩ። እኔ እየሰማሁ እጽፋለሁ፤ ሌላ ሰው የእኔን ጽሑፍ እያነበበ ስፕሬድሺት ላይ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ለእያንዳንዱ ሰው አራት ጥያቄ፦ ለምርመራ በምን መጡ? ስንት ከፈሉ? ስንት ሰዓት ፈጀብዎት? አብሮዎት የመጣ ሰው አለ? ቁጥሩ ሲያልቅ መልሼ አየዋለሁ፤ ስህተት ካለ ጎኑ ላይ አስተያየት እጽፋለሁ። ያ ሌላ ሰው ጣሰው መባሉን ብቻ ነበር የማውቀው።

አርባ አንደኛዋ ሴት ድምጿ ቀጭን ነው። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። «በእግሬ ነው የመጣሁት፤ ምንም አልከፈልኩ» ትላለች። ጣሰው ከክፍያው ሥር ዜሮ ጽፏል። ከቀረባት ገቢ ሥርም ዜሮ። ደመወዝ የላትማ!

«ዜሮ አይደለም» ብዬ ጻፍኩለት።

በማግስቱ መልሱ መጣ። «ሰላም እህቴ። በእግሯ ነው የመጣችው። የከፈለችው የለም፤ ደመወዝም የላትም። መመሪያው እንዲህ ያለውን ዜሮ በሉት ይላል።»

«መመሪያውን የጻፈው መኪና ያለው ሰው ነው» አልኩት። «ሴትዮዋ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ አምስት ሰዓት ሄዳለች። ትልቁን ልጇን ለጎረቤት ትታለች፤ ጎረቤት በነጻ አይጠብቅም፣ በአጨዳ ትመልሳለች። ስትደርስ ደግሞ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ በሳምንትሽ ተመለሺ ብለዋታል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ስማው።»

ሁለት ቀን አለፈ። ከዚያ፦ «ሰማሁት። እውነትሽን ነው። ግን ያን ሁሉ የት አባቴ ልጻፈው? ሳጥን የለውም።»

«ሳጥን ሥራለታ።»

ሠራለት። ዶክተሯን ስብሰባ ላይ እንዴት እንዳሳመናት ኋላ ነግሮኛል፤ ላብ በላብ ሆኖ፣ እንግሊዝኛው እየጠፋበት፣ አንድ የእርሻ ቀን ሠራተኛ በቀን ስንት እንደሚከፈለው ከአገር ቤት በስልክ አጠያይቆ ነው። አዲሱን ሳጥን «በእግር የመጣ ሰው ቀን» አለው። ከዚያ ከአንደኛው ሰው ጀምሮ ቅጂውን ራሱ እየሰማ ሁሉንም እንደገና ሠራቸው። ሰውየው ወደ ማሽኑ ይሂድ የሚለው መንገድ እስከዚያ ድረስ ርካሹ ነበር፤ ለካ ርካሽ የመሰለው የሰውየው እግር ስላልታሰበ ኖሯል።

እኔም ተናድጄ የጀመርኩትን ሰው ቀስ በቀስ መጠበቅ ጀመርኩ።

ከቁጥሩ ጎን የማይገባ ነገር እየጻፈ ይልክልኝ ነበር። «ዛሬ ኦቨርታይም ገባሁ። ስልሳ ሰባተኛውን ሰውዬ ነገ ልሥራው። ሰውየው ሲያስነጥስ ‹ይማርህ› አልኩት፤ ከቅጂ ጋር ማውራት ጀምሬያለሁ፣ ደክሞኛል ማለት ነው።»

መልሼ ወደ ስልሳ ሰባተኛው ሄድኩ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ያስነጥሳል። ሳስበው እኔም «ይማርህ» ብዬው ነበር።

«እኔም ብዬዋለሁ» ስል ጻፍኩለት።

እንደዚያ ነው የተጀመረው። ሌላው ሰው አበባ ተቀብሎ ይጀምራል፤ እኛ በማናውቀው ሰው ንጥሻ።

አንድ እሑድ ከሰዓት «ኮል ላድርግልሽ?» አለኝ። አደረገ። እሱ ኒው አልባኒ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይነዳል፤ ስድስት ቀን ሠርቶ መምጣቱ ነው። እኔም ድርብ ሺፍት ወጥቼ መግባቴ ነው። ስለ ሥራ አወራን፣ ስለ ብርዱ አወራን፣ ከዚያ ዝም ተባባልን። የሚያስጨንቅ ዝምታ አልነበረም። ስነቃ ስልኩ ትራሴ ላይ ነው፤ ከወዲያ በኩል ያንኮራፋል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ተደዋውለናል፤ የተነጋገርነው ዐሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ስልኩን አልዘጋሁትም።

ሰኔ ላይ ሁለታችንም ሁለተኛውን ክትባት ስንጨርስ ክሊንተንቪል፣ ጽጌረዳው ፓርክ ተቀጣጠርን። በማስክ ተሸፍኖ የመጣ አጠር ያለ ሰው ከሩቅ አይቶኝ ቆመ። እኔም ቆምኩ።

«አውልቂዋ፣ ተከትበናል እኮ» አለ።

«አንተ ቅደም።»

አወለቀ። አወለቅሁ። ለመተያየት አፈርን መሰለኝ፣ ሁለታችንም ጆሮ ጆሮአችንን አየን። ከጆሮው ጀርባ ያው የማስክ መስመር አለበት፤ የእኔን የመሰለ። ሳቀ። ጥርሱ ከፊት ትንሽ ተነባብሯል። ወደድኩት። ይህን ለመናገር ምን አሽኮረመመኝ፣ ወደድኩት በቃ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ጅማ ኢኮኖሚክስ መማሩን፣ ሁለት ዓመት ማስተማሩን፣ ታላቅ እህቱ እትዬ ሰርካዲስ እዚሁ ክሊንተንቪል ቤታቸው አስቀምጠው እንደሚያኖሩት አጫወተኝ። እናታቸው ስትሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ድንገት፦

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ያንን የጎረቤቱን፣ የአጨዳውን ነገር እንዴት አወቅሽው? ቅጂው ላይ የለም።»

«የገጠር አስተማሪ ነበርኩ» አልኩት። «ሰው ሲያወራ እሰማለሁ።»

አስተማሪ መሆኔ እውነት ነው። የቀረውን ዋጥኩት።

የዋጥኩትን ለእሱ መናገር አቃተኝ እንጂ ለእናንተስ ምን አስፈራኝ። መድኃኒት ከጀመርኩ ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ባሌ ሞቶ እኔ ተርፌ፣ ወሎ ውስጥ በአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። መድኃኒቱ እዚያው ጤና ጣቢያችን ይሰጠናል። በየስድስት ወሩ ደማችን ሲዲፎሩ፣ ማለትም የመከላከል አቅሙ፣ የሚመረመረው ግን አምስት ሰዓት በእግር ሄደን ከተማ ነው። ኸይሪያ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ፤ አብረን ነበር የምንሄደው። ሰው «የት ናችሁ?» እንዳይለን አንዲት ቀይ ዶሮ ይዘን ገበያተኛ እንመስላለን። ዶሮዋን ከሸጥናት ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሰበብ ልናጣ ነው፤ ስለዚህ ይዘናት እንመለሳለን። «ገበያው ቀዝቅዟል» እንላለን። ያቺ ዶሮ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ደርሳ ተመልሳለች። «የእሷ ሲዲፎር ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም» እያለች ኸይሪያ በሳቅ ትገድለኝ ነበር።

ኋላ ኸይሪያ ወለደች። አራስ ይዞ አምስት ሰዓት አይኬድም፤ ሁለት ቀጠሮ አለፋት። ጤና ጣቢያ በሚዛን መዘኗት። ደልደል ያለች ነበረች፤ «ክብደትሽ ጥሩ ነው፣ ደህና ነሽ» አሏት። ሌላ ምን ይበሉ? ያላቸው ሚዛን ነው። መድኃኒቷ መሥራት ካቆመ ግን ቆይቷል፤ ሚዛን ይህን አይናገርም። ሲታወቅ ሦስት ወር አልቆየችም። ዶሮዋን ለልጇ ሰጠሁና ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ሄድኩ። ገበያተኛ መምሰሉንም ተውኩት።

እኔ ዕድሜ ሰጥቶኝ የቫይረሱን መጠን የሚለካው ምርመራ ደረሰልኝ፤ መድኃኒቴ ተቀየረ። አሁን ቫይረሱ በደሜ ውስጥ በምርመራ መታየት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። እንደዚህ ያለ ሰው ለፍቅረኛው እንደማያስተላልፍ ጥናቱ መግቢያ ላይ ተጽፏል። እንዲያውም አንድ ቀን መኪና ውስጥ ጣሰው ይህንኑ በዝርዝር አስረዳኝ። አንገቴን እየነቀነቅሁ፣ «አሃ፣ እንደዚያ ነው እንዴ?» እያልኩ ሰማሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ልንገረው ብዬ ያልወጠንኩበት ሳምንት የለም። ግን እሱ ደክሞት ይመጣል፤ እኔ ደክሞኝ እመጣለሁ። ሁለት የደከሙ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝም ሲሉ እንደዚያ ያለ ሰላም አላውቅም፤ ያንን ሰላም በአንድ ቃል ማፍረስ አሳሳኝ።

እንዲህ ስንል ዓመቱ ዞረ። የካቲት ላይ፣ መኪናው መስኮት በረዶ እየፋቀ፣ «ሰገነት፣ አንድ ላይ ብንደክም አይሻልም?» አለኝ። ለጋብቻ ጥያቄ ይህ ይበቃል። «ይሻላል» አልኩት።

በዐቢይ ጾም እትዬ ሰርካዲስ ምሳ ጠሩኝ። ባለ ዞማ ፀጉር፣ ቆፍጣና፣ ሰው ሲያዩ ከእግር ጀምረው የሚያዩ ናቸው። ሽሮው ቀረበ፣ ጎመኑ ቀረበ። መልካም ተቀበሉኝ፤ አልዋሽም። ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንዲሆን ወሰኑ። ከዚያ እጃቸውን በሶፍት እየጠረጉ፦

«ተመርመሩና ወረቀቱን ቶሎ ለንስሐ አባታችን እንስጥ» አሉ። «ወግ ነው፣ ቅር እንዳይልሽ። እኔም ስዳር ተመርምሬያለሁ። ማንንም ጠርጥሬ አይደለም፤ እኛ ቤት እንኳ እንደሱ ያለ ነገር አልገባም፣ ተመስገን።»

«ተመስገን» አለ ጣሰው ጉርሻውን እየጠቀለለ።

ከልቡ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሰው «ተመስገን» ሲል ሰው «ተመስገን» ይላል። ግን እኔ በመካከላቸው ተቀምጫለሁ፤ ጉርሻው የተጠቀለለውም ለእኔ ነበር። ጎረስኩት።

ሲሸኘኝ ሀይ ስትሪትን ይዘን ወደ ሰሜን ወጣን። ቀይ መብራት ያዘን።

«ጣሰው፣ የእኔ ወረቀት ምን እንደሚል ከአሁኑ ልንገርህ።»

«ምን ይላል?» አለ ፈገግ ብሎ።

«ያን ሁሉ እንዴት አወቅሽው ብለኸኝ ነበር። አርባ አንደኛዋ ሴት የሄደችውን ዓይነት መንገድ ስድስት ዓመት ሄጄዋለሁ። አሁን ቫይረሱ አይታይም፤ ግን አለ። የዛሬ ዓመት ልነግርህ ይገባኝ ነበር።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ጥሩንባ ነፉብን። ነዳ። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ዝም አለ። ያን የመሰለ ዝምታ በመካከላችን ኖሮ አያውቅም። የጋሼ በር ላይ ስንደርስ «ለምን…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ነገ ኮል አደርግልሻለሁ» አለ።

አላደረገም። በሦስተኛውም ቀን አላደረገም። በሳምንቱ መጠበቅ አቆምኩ አልኩ፤ ግን ስልኬን ይዤ ነበር የምተኛው። ሥራዬን ሠራሁ፣ ሰው አጠብኩ፣ ክኒኔን በሰዓቱ ዋጥኩ። ማልቀስ እንኳ ሥራ መሰለኝ።

«ያ ልጅ ምነው ጠፋ?» አሉኝ ጋሼ ወልደሚካኤል አንድ ቀን ደረጃው ላይ።

«ሥራ በዝቶበት ነው ጋሼ።»

«ሥራ የበዛበት ሰው ቴክስት ያደርጋል» አሉና ወጡ።

በሁለተኛው ሳምንት ዶክተሯ ያለቀውን ጥናት ላከችልን። ደም በወረቀት መላክ ሰው በእግር ከመላክ ይሻላል፤ በሚዛን መገመት ግን ሲታይ ርካሽ ሲታሰብ ውድ ነው ይላል፣ በእነሱ ቋንቋ። የኸይሪያን ሞት በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲህ አድርገው ጻፉት። ምስጋናው መጨረሻ ላይ ስሞቻችን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሰገነት፣ ጣሰው። ያን ቀን አለቀስኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ኦፍ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ከላይ ተጣሩ።

«ሰገነት! እንግዳ መጥቶልሻል። መኪናውን ግን የት ጥሎት እንደመጣ እንጃ!»

ወጣሁ። ጣሰው በሩ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። አንድ ጫማውን አውልቋል፤ ካልሲው ተረከዙ ላይ ደም ጠጥቶ ደርቋል። ፊቱ በንፋስ ቀልቷል።

«መኪናህስ?»

«ክሊንተንቪል ናት።»

«ተበላሽታ ነው?»

«ደህና ናት።»

ነገሩ ገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ ይባስ ተናደድኩ። «ጣሰው፣ እኔ መኪና ትቼ አይደለም በእግሬ የሄድኩት» አልኩት። «ያ መንገድ መታያ አይደለም። በሰው መንገድ አይቀለድም።»

«አውቃለሁ» አለ። «ስነሳ ግን አላውቅም ነበር። ከአንቺ እኩል የምሆን መስሎኝ ነው የተነሳሁት። ከመንገዱ ግማሽ አልፌ ፖላሪስ ስደርስ ተረከዜ ተላጠ፤ ቁጭ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ኡበር ታክሲ ስምንት ደቂቃ ይላል። ያን ጊዜ አፈርኩ። አንቺ ስምንት ደቂቃ የሚልሽ አልነበረም። አንድ መቶ ዐሥር ሰው ቁጥር አድርጌ አንዱንም አላውቀውም ለካ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራኸውም?»

«ልጠራው ነበር፤ ከዚያ ስምንት ደቂቃ ውስጥ ምን እንደምልሽ ጠፋኝ። እግሬ ደግሞ ጊዜ ይሰጠኛል።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቡ ሳይሆን ከእሱ ዝቅ ብዬ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ የት ነበርክ?»

«ፈርቼ ነበር።»

«እኔን?»

«አንቺንም በሽታውንም አይደለም። እሱንማ ላንቺው ሳስረዳሽ አልነበር?» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እትዬን ነው የፈራሁት። እናቴ ናት። ፎርም የሞላችልኝ እሷ፣ ትኬት የቆረጠችልኝ እሷ። ደግሞ ‹ተመስገን› ማለቴ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። አጠገብሽ ተቀምጬ፣ እያጎረስኩሽ። በምን አፌ ልደውል?»

«ነገርካቸው?»

«የአንቺን ነገር? እሱ የአንቺ ነው፤ የምነግረው እኔ አይደለሁም። ወረቀት አናመጣም፣ እኔ የማውቀውን አውቃለሁ፣ አገባታለሁ ነው ያልኳት። የገባት መሰለኝ። ከረቡዕ ጀምሮ አታናግረኝም። ክፍል እየፈለግሁ ነው።»

«አንተስ፣ ለምን ደበቅሽኝ አትለኝም?»

«እላለሁ እንጂ። ከፍቶኛል። ዓመት ሙሉ ብቻሽን ይዘሽው አጠገቤ ዝም ስትዪ፣ ዝምታው የሁለታችን መስሎኝ ነበር።»

ይህኛው ልቤን ነካው። ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም ጠየቀኝ። ከዚያ ተነስቼ ለብ ያለ ውኃና ጨው በሳፋ አመጣሁ። ሳምንት ሙሉ የሰው እግር ሳጥብ ከርሜ ኦፍ በሆንኩበት ቀን ሌላ እግር መምጣቱ ምን ዓይነት ዕድል ነው? እግሩን ውኃው ውስጥ ሲያስገባ ጥርሱን ነከሰ። ጋሼ መስኮቱ ላይ ቆመው አይተው መጋረጃውን ዘጉ።

«በምን መጡ?» አልኩት ተረከዙን እያጠብኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ቆየት ብሎ ገባው። «በእግር።»

«ስንት ከፈሉ?»

«የአንድ ቅዳሜ ሺፍት፣ ያውም ኦቨርታይም። አንድ ጥፍር። እና እህቴን፣ መሰለኝ።»

«ስንት ሰዓት ፈጀብዎት?»

«አምስት ሰዓት ከሩብ። ከሦስት ሳምንት ጋር።»

«አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?»

«የለም» አለ። ከዚያ እጄን ከውኃው ውስጥ ያዘው። «የአንቺ ቀጠሮ መቼ ነው?»

«የምን ቀጠሮ?»

«የደምሽ። በየስድስት ወሩ አይደል? ማን ነው አብሮሽ የሚሄደው?»

መልሱን ያውቀዋል። ያን ሳጥን አንድ መቶ ዐሥር ጊዜ ሞልቶታል። እጄን እንደያዘ ውኃው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥን።

እትዬ ሰርካዲስ አልታረቁንም። ሠርጉ በእሳቸው ቤት መሆኑ ቀረ፤ ፍርድ ቤት ሄደን ጋሼ ወልደሚካኤል በክራቫታቸው ምስክር ሆኑልን። ለፋሲካ ግን ድፎ ዳቦ ልከውለት ነበር፤ ለአንድ ሰው የምትበቃ ትንሽ ድፎ። ለሁለት ቆርሰን በላናት። ጣሰው እያኘከ አለቀሰ፤ እኔም ጀርባውን ዳሰስኩት። አንድ ቀን እሄድና ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ገና አልደፈርኩም።

ግንቦት ላይ ቀጠሮዬ ደረሰ። ጣሰው ከመጋዘኑ ሺፍት ወጥቶ፣ ልብሱን ሳይቀይር፣ የሥራ ቦት ጫማውን እንዳደረገ ክሊኒክ አደረሰኝ። «መኪና ውስጥ ተኛ» ብለው «አይሆንም፣ ሳጥኑ ‹አብሮ የመጣ› ነው የሚለው፣ ‹ያደረሰ› አይልም» አለና ገባ። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ሦስት ደቂቃ አልሞላም፣ አንገቱ ወደ ኋላ ወድቆ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወሰደው። አጠገቡ ያሉት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ።

ነርሷ ስሜን ጠርታ አስገባችኝ። ክንዴን አሰረች፣ መርፌውን አዘጋጀች። ደም ሲያዩ የሚያዞራቸው ሰዎች እንዳሉ ስለምታውቅ ለሁሉም የምትጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ዛሬ አብሮሽ የመጣ ሰው አለ?»

ለዓመታት የለመደ አፌ «የለም» ሊል ተከፈተ። ዘወር አልኩ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ ቦት ጫማው ይታየኛል፣ ወለሉ ላይ ወደ ጎን ተዘርግቶ።

«አለ» አልኳት። «ያ እንቅልፍ የወሰደው።»